ሞተሩ የኦቾሎኒ ዘይት የጠጣለት ሰው፦ ሩዶልፍ ዲዝል እና የኛ ጉሎ

ሊማሊሞን እያቃሰተ የሚወጣው አይሱዙ፣ ደባርቅ ገጠር ያለው የናፍጣ ወፍጮ፣ መብራት ሲጠፋ ጎንደር ላይ የሚጮኸው ትልቁ ጀነሬተር... ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ሰው ሐሳብ ነው። ናፍጣ ሲወደድ ደግሞ አብረው ይታመማሉ። ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ይዘን መጥተናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ቤተሰብ ተወለደ። በ1870 ፈረንሳይና ጀርመኖች ሲዋጉ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። እሱ በ12 ዓመቱ አውግስቡርግ ወዳሉ ዘመዶቹ ተላከ። ሙኒክ ምህንድስና ሲማር ታይፎይድ ይዞት የመመረቂያ ፈተናው አመለጠው። ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1880 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

የዚያን ጊዜ የእንፋሎት ሞተር ከከሰሉ ጉልበት 90 በመቶ ያህሉን ያባክን ነበር። ይሄ ዲዝልን እንቅልፍ ነሳው። በአሞኒያ የሚሠራ ሞተር ሲሞክር ፈንድቶበት ለወራት ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣለት፦ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ነዳጁ ያለ ካንዴላ ይነዳል። በ1893 ሞከረው፣ አልሆነም። በ1897 ሆነ! አዲሱ ሞተር ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ቀየረ።

አሁን ወደ እኛ የሚመጣው ነገር። በ1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠራ። ልዩነቱን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነበር። ሐሳቡ የፈረንሳይ መንግሥት ነው፤ ኦቾሎኒ በሚበቅልባቸው የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ነዳጅ እዚያው እንዲገኝ ፈልጎ። ዲዝልም በኋላ ራሱ ሞክሮ አረጋገጠ።

ታዲያ ለምን ቀረ? በዋጋ። ከመሬት የሚቀዳው ነዳጅ ረከሰ፣ ሞተሮቹም ለሱ ተብለው ተሠሩ።

ዲዝል ራሱም ሂሳብ አሸንፎታል። ሚሊየነር ሆኖ ነበር፣ ግን ገንዘቡ አለቀ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በሚሄድ መርከብ ላይ ማታ ወደ ክፍሉ ገባ፣ ጠዋት የለም። አስከሬኑ ከቀናት በኋላ ባሕር ላይ ታየ። እንዴት እንደሞተ እስከዛሬ ያከራክራል።

ጥያቄው ግን ቀረልን፦ ከማይበላ ዘር ናፍጣ ማምረት ያዋጣል ወይ?

ኢትዮጵያ በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣች። ለጃትሮፋና ለጉሎ ሰፋፊ መሬት ተሰጠ፤ ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ከሽፈው ቀሩ። ሂሳቡን እናስላው። ከጃትሮፋ አንድ ሊትር ለማግኘት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዘር ይፈልጋል። ፍሬው እኩል ስለማይበስል በእጅ፣ ተመላልሶ ይለቀማል። ከዚያ መጭመቂያ አለ፣ ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል የሚቀይረው ሜታኖል አለ። ግን ትልቁ ወጪ ራሱ ዘሩ ነው። ፋጉሎው ደግሞ መርዛም ስለሆነ ለከብት አይሰጥም፤ ለማዳበሪያ እንጂ።

ጃትሮፋ ቆላ ይወዳል፤ ባቲ አካባቢ አጥር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የደባርቅና የዳባት ብርድ አይስማማውም። ጎንደር ጓሮ የምናውቀው ጉሎን ነው፣ ምጣድ የሚሟሽበትን። የዘሩ ግማሽ ያህል ዘይት ነው። ችግሩ ዘይቱ በጣም ወፍራም ነው። በዚያ ላይ በዓለም ገበያ ለመድኃኒት፣ ለመዋቢያና ለማሽን ቅባት ከናፍጣ በላይ ዋጋ ያወጣል። ውዱን ሸጦ ርካሹን መግዛት ሲቻል ለምን ይቃጠላል?

ስለዚህ የኛ ድምዳሜ፦ የጤፍና የስንዴ መሬት ለነዳጅ ዘር መስጠት አያዋጣም። ከአጥርና ከገደል ዳር የሚለቀም ዘር ግን መሬት አይሻማም። ናፍጣ በአህያ ጭነት ለሚደርስበት ገጠር፣ ለአንድ ወፍጮ ያህል ሂሳቡ ሊቀርብ ይችላል። ሞተሩ እንደሚሠራ በ1900 ታይቷል። የቀረው የለቃሚው የቀን ዋጋ ነው።

እናንተ ሰፈር ጉሎ ኪሎው ስንት ይሸጣል? ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እናስላ።