ሰልማን ዋክስማንና ከአፈር የተገኘው መርዝ

ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የግኝቱ መሪ ሰልማን ዋክስማን አስቀድሞ ስላገኘው መርዝ ግን ብዙ አይነገርም።

ዋክስማን እ.ኤ.አ. በ1888 በዩክሬን ተወለደ። በ1910 ወደ አሜሪካ ሄዶ በረትገርስ ኮሌጅ እርሻ ተማረ፤ የአፈር ተህዋስያንን ማጥናትም የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ። በ1940 ከተማሪው ከቦይድ ውድራፍ ጋር ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ አክቲኖማይሲንን ለየ። ቅመሙ ጀርሞችን ቢገድልም የተወጉትን የሙከራ እንስሳትም ስለ ገደለ ለተላላፊ በሽታ መድኃኒትነት አልበቃም። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን በዚያው ቤተ ሙከራ በተማሪው በአልበርት ሻትዝ እጅ ተገኘ፤ ዋክስማንም በ1952 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መርዙ ግን ተረስቶ አልቀረም። በ1950ዎቹ ዓመታት ሲድኒ ፋርበር በቦስተን አክቲኖማይሲን ዲ የተባለውን ዓይነት ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ጋር አጣምሮ የሕፃናትን የኩላሊት ካንሰር አከመበት። መድኃኒቱ ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር ተጣብቆ አር.ኤን.ኤ. እንዳይሠራ ስለሚያግድ ቶሎ ቶሎ የሚራባው ሕዋስ ይሞታል። ይሁን እንጂ በሽተኛውን ሕዋስ ከጤነኛው አይለይም፤ መቅኒን ያዳክማል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ አፍ ያቆስላል፤ በመርፌ ሲሰጥ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰም ሥጋን ያበላሻል። ስለዚህ መጠኑ በማይክሮግራም ይለካል፤ የታካሚው ደምም በየጊዜው ይመረመራል።

ዋክስማን በ1973 ዐረፈ፤ መድኃኒቱ ግን ዛሬም ያገለግላል። እኛም ተማሪዎች ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ ያልተሳካ ሙከራ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ከቆየ ለሌላው መነሻ ይሆናል።