አፉን የፈታበትን ቋንቋ ያጣው ልዑል

ዛሬ የምንነግራችሁ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ስሙ ዓለማየሁ ይባላል፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዓለማየሁ በ1861 ተወለደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። እስቲ እናንተ እንዴት አፍ እንደፈታችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ሕፃን ስድስት ወር ሲሆነው ባባባ፣ ማማማ እያለ ይጫወታል። ዓመት ሲሞላው አንድ ሁለት ቃል ያወጣል። በሁለት ዓመቱ ቃል ከቃል ያጋጥማል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ደግሞ ወሬ ያወራል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል! ዓለማየሁም አማርኛ የለመደው እንደዚሁ ነው። መጽሐፍ ከፍቶ ሳይሆን የሚያናግረው ሰው ስለነበረ ነው።

ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ትልቅ መከራ መጣ። በ1868 በፋሲካ ማግስት የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። አፄ ቴዎድሮስ ለጠላት እጃቸውን ላለመስጠት በገዛ እጃቸው ሞቱ። እንግሊዞች ልጁንና እናቱን ይዘው ወደ ባሕር ጉዞ ጀመሩ። እቴጌ ጥሩወርቅም ታመው መንገድ ላይ ዐረፉ። ትንሹ ልዑል በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አባትም እናትም አጣ።

ካፒቴን ስፒዲ የሚባል በጣም ረጅም እንግሊዛዊ ተረከበው። ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ልጁ ሌሊት እየፈራ ከእሱ አጠገብ ካልሆነ አይተኛም ነበር ይባላል። እንግሊዝ ሲደርሱ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት። ከዚያም ስፒዲ ለሥራ ወደ ሕንድ ሲሄድ ይዞት ሄደ።

ቆይቶ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ እንግሊዝ ውስጥ ይማር ብሎ ከስፒዲ ለየው። በ1872 ቼልተንሃም፣ በ1874 ደግሞ ራግቢ ትምህርት ቤት ገባ። ኳስ ላይ ጎበዝ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከበደው። ታዲያ እዚያ በአማርኛ የሚያናግረው ማን አለ? ማንም! አፉን የፈታበት ቋንቋ ቀስ በቀስ ጠፋበት። ሰነፍ ስለነበረ አይደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ አዲስ ቋንቋ ቶሎ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ካልተናገረበት የድሮውንም ቶሎ ይረሳል። ከአገር ቤት አያቱ ደብዳቤ ልከውለት ነበር። የአያታችሁ ደብዳቤ መጥቶላችሁ ማንበብ ቢያቅታችሁ ምን ይሰማችኋል?

ዓለማየሁ በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ ታሞ ሞተ። ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ቤተ መንግሥት ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዓፅሙ እንዲመለስላት ጠይቃለች፤ በ2023 ግን ቤተ መንግሥቱ አይሆንም አለ። በዚያው ዓመት የፀጉሩ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተሰጥቷል።

ልጆች፣ አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ስሙ። በ2014 የሞንትሪያል ተመራማሪዎች በሕፃንነታቸው ከቻይና በማደጎ መጥተው ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገሩ ልጆችን መረመሩ። ልጆቹ ቻይንኛ ፈጽሞ አያውቁም። ድምፁን ሲሰሙ ግን አእምሯቸው ልክ እንደ ቻይንኛ ተናጋሪ ሠራ! በልጅነት የሰማነው ቋንቋ ምልክቱን ትቶ ይሄዳል ማለት ነው።

እናንተ ግን ከዓለማየሁ ትለያላችሁ። እዚህ ቶሮንቶ የሚያናግራችሁ ሰው አላችሁ። እማማ በአማርኛ ስትጠራችሁ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሱት? ዛሬ በአማርኛ መልሱላት። ብትሳሳቱም ግድ የለም።

ወላጆች ሆይ፣ የቅዳሜዋ የአማርኛ ክፍል ብቻዋን አትበቃም። ቋንቋው የሚያድገው እራት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ከመኝታ በፊት በሚወራው ወሬ ነው። ልጁ ሲሳሳት አትሳቁበት፤ ትክክለኛውን ደግማችሁ አሰሙት።

አዳዲስ ቃላት
አፍ መፍታት፦ መናገር መጀመር
ማደጎ፦ የሌላ ሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ
ዓፅም፦ የሞተ ሰው አጥንት

የቤት ሥራ
አያታችሁ ጋ ደውሉና ልጅ ሳሉ ምን ይጫወቱ እንደነበር ጠይቁ። የነገሯችሁን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ቅዳሜ አምጡ። መልካም ሳምንት!