ከሙሶሊኒ ጋር ያልዘለቁት የሕፃናት ሐኪም

በስደት በምንኖርበት ሰፈር ሞንቴሶሪ የሚል ስም የለጠፈ፣ በመኖሪያ ቤት የሚሠራ መዋዕለ ሕፃናት አይጠፋም። ልጆቻችንን አድርሰን ወደ ሥራ ስንሮጥ ግን የስሙን ባለቤት ታሪክ አንጠይቅም።

ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 ጣሊያን፣ ኪያራቫሌ ተወለዱ። በ1896 ሮም ውስጥ በሕክምና ተመረቁ። በጥር 1907 የድሆች ሰፈር በሆነው ሳን ሎሬንዞ፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ያጡ ሕፃናትን እዚያው በሚኖሩበት ሕንፃ ሰብስበው የልጆች ቤት ከፈቱ። ወንበሩ በልጅ ቁመት ተሠራ። ልጁ ሥራውን ራሱ ይመርጣል፤ ይጠርጋል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላትን በጣቱ ይዳስሳል። መምህሯ ታስተውላለች እንጂ አትጮኽም። በአለንጋ ፊደል ለቆጠርነው ለእኛ ይህ ተረት ይመስላል!

ሙሶሊኒ ከ1924 ጀምሮ ደገፋቸው፤ እሳቸውም ድጋፉን ተቀበሉ። ይህን አንደብቅም። ነገር ግን ፋሽስቱ የፈለገው ታዛዥ ወታደር እንጂ ራሱን የሚመራ ልጅ አልነበረም። በ1934 ተቆራረጡ፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ተዘጉ፤ እሳቸውም አገር ለቀው ወጡ። በዓመቱ ያው ጦር አገራችንን ወረረ።

ከባርሴሎና በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ አባረራቸው። ሆላንድ ቆይተው በ1939 ለማስተማር ሕንድ ገቡ። ጣሊያን በ1940 ጦርነቱን ስትቀላቀል ደግሞ እንግሊዞች የጠላት ዜጋ ናቸው ብለው እንቅስቃሴያቸውን ገደቡ፤ ልጃቸውን ማሪዮን አሰሩ። ከፋሽስት የሸሸ ሰው በፓስፖርቱ ፋሽስት ተባለ ማለት ነው። ማስተማሩን ግን አላቋረጡም።

በ1952 ሆላንድ፣ ኖርድዋይክ አረፉ። የተቀበሩትም እዚያው ነው።