አዝ-ዘህራዊ፦ ከቢላው በኋላ የሚመጣውን ያሰቡ ሐኪም

የፕሮስቴት ካንሰር በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው፣ ቁስሉ ጠግጎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ያላሰበው ነገር ይገጥመዋል። ከእንብርቱ በታች ይከብደዋል፤ ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል፤ አንድ እግሩ ያብጣል። ብዙው ሰው ካንሰሩ ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ሐኪሞች ካንሰሩ ተዛምቶ እንደሆነ ለማየት ከፕሮስቴቱ ጋር የዳሌ ውስጥ ሊምፍ ዕጢዎችን ሲያወጡ፣ የተቆረጡት ቀጫጭን የሊምፍ ቱቦዎች ያፈሰሱት ፈሳሽ በዳሌ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ የፈሳሽ ቋት በሕክምናው ቋንቋ ሊምፎሲል ይባላል።

የሐኪም ሥራ በመቁረጥ እንደማያበቃ፣ ከቢላው በኋላ የሚፈሰውና የሚያብጠውም የእርሱ ኃላፊነት እንደሆነ ከሺህ ዓመት በፊት በዝርዝር ጽፈው ያለፉ አንድ ሊቅ ነበሩ። እኒህ ሊቅ የአንደሉሱ አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን ዓባስ አዝ-ዘህራዊ ናቸው።

አዝ-ዘህራዊ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ ሲሆን፣ የዘር ሐረጋቸው ከመዲና አንሷሮች ይመዘዛል። መጠሪያቸውን ያገኙት ኸሊፋው ዓብዱረሕማን ሣልሳዊ በቁርጡባ አቅራቢያ ካሠሯት ከመዲነቱ-ዘህራ ነው። የከተማዋ ግንባታ የተጀመረው በዚያው በ936 በመሆኑ ሰውየውና ከተማዋ የዕድሜ እኩዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ቁርጡባ በዚያ ዘመን በመጻሕፍቷና በሊቃውንቷ ብዛት በመላው አውሮፓ አቻ አልነበራትም።

ስለ ግል ኑሯቸው የደረሰን ጥቂት ነው። የአንደሉስን ሊቃውንት ሕይወት የጻፉት አል-ሑመይዲ፣ አዝ-ዘህራዊ ከሞቱ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ በአጭሩ አንስተዋቸዋል። ሰውየውን በቅርብ የምናውቃቸው «አት-ተስሪፍ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ የተጠናቀቀው ይህ ሥራ 30 ክፍሎች አሉት። ስለ በሽታዎች፣ ስለ መድኃኒት ቅመማና ስለ ምግብ በሰፊው ከተረከ በኋላ በመጨረሻው ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል።

ይህ የመጨረሻ ክፍል በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በጋለ ብረት ስለ መተኮስ፣ ሁለተኛው በስለት ስለ መቅደድና ስለ ዋገምት፣ ሦስተኛው ስለ ስብራትና ውልቃት ነው። መተኮስም፣ ዋገምትም፣ ወጌሻም በእኛ አገር የታወቁ ናቸው። አዝ-ዘህራዊ ግን እነዚህን ሁሉ ሥርዓት አበጁላቸው። የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን፣ መቼ መንካት እንደማይገባም ጻፉ። ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎችንም በሥዕል አሳዩ። ከቀደሙት የግሪክ ሐኪሞች፣ በተለይም ከጳውሎስ ዘኤጊና ብዙ ወስደዋል፤ በእጃቸው የሞከሩትንና በዓይናቸው ያዩትን ግን ለብቻው ጨመሩበት።

ካዩት መካከል ተማሪዎቻቸው እንዳይረሱት በመግቢያው ላይ ያሰፈሩት የሌሎች ሐኪሞችን ስሕተት ነው። አንድ ያልተማረ ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ የወጣ እብጠት ሲቀድ የደም ሥሮችን ቆርጦ ሴቲቱ በፊቱ ደሟ አልቆ ሞተች። ሌላው ከአንድ ሽማግሌ ፊኛ ትልቅ ጠጠር ሲያወጣ የፊኛውን ሥጋ አብሮ ቦጨቀው፤ ሽማግሌው ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ አረፈ። ይህን ሽማግሌ እንዲያክሙ አስቀድሞ የተጠየቁት አዝ-ዘህራዊ ራሳቸው ነበሩ። የጠጠሩን ትልቅነትና የሰውየውን ሁኔታ አይተው እንደማይተርፍ ስላወቁ እምቢ ብለው ነበር። ሦስተኛው ሐኪም ደግሞ የካንሰር እብጠት ወግቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ከፋ ቁስል ለወጠው። ትምህርታቸው ግልጽ ነበር፦ የሰውነትን አሠራር ያላጠና ሰው ስለት አያንሳ፤ ያጠናም ቢሆን አቅሙን ይወቅ።

በአንገት ላይ የሚወጣውና ሕዝባችን ንፍፊት የሚለው እብጠት ብዙውን ጊዜ የሊምፍ ዕጢ ነው። አዝ-ዘህራዊ ይህን አላወቁም። የሊምፍ ቱቦዎች መኖራቸው በአውሮፓ የታወቀው ጣሊያናዊው ጋስፓሬ አሴሊ እ.ኤ.አ. በ1622 በውሻ ሆድ ውስጥ ነጫጭ ቱቦዎችን ካየ በኋላ ነው። የፈሳሽን ጠባይ ግን በአልጋ ዳር ተምረውት ነበር። በሆድ ውስጥ ውኃ የተጠራቀመበት ሕመምተኛ ውኃው በቱቦ ሲወጣለት በአንድ ጊዜ ተሟጦ እንዳይፈስ፣ ይልቁንም እንደ ጉልበቱ እየተመጠነ እንዲሆን አዘዋል፤ አለዚያ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላልና። የዘር ፍሬን ከብቦ የሚጠራቀመውን ውኃ በተመለከተ ደግሞ ውኃውን ማፍሰስ ብቻውን እንደማይበቃና ውኃውን የያዘው ሽፋን ካልወጣ እንደገና እንደሚሞላ አስጠንቅቀዋል።

የፊኛ ጠጠርን ያወጡ የነበረው በዘር ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ሥፍራ በኩል ነው። ጠጠሩ ትልቅ ከሆነ ቀዳዳውን ማስፋት አለማወቅ ነው ይሉ ነበር። ሰውየው ወይ ይሞታል፣ ወይም ቁስሉ ሳይድን ሽንቱ ዕድሜ ልኩን ሲንጠባጠብ ይኖራል። ስለዚህ ጠጠሩ በመቆንጠጫ ተሰብሮ በየቁራጩ እንዲወጣ አስተማሩ። ሽንት ለታገደበትም ከብር የተሠራ ቀጭንና ልስልስ ቱቦ አዘጋጅተው ነበር።

ስለ ካንሰር የጻፉት ከሁሉ ይልቅ ሐቀኝነታቸውን ያሳያል። እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ፣ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ በሚችል ሥፍራም ከሆነ እንዲቆረጥ ፈቅደዋል። ከቆየና ከሰፋ ግን አትቅረቡት አሉ። እንዲህ ያለውን እርሳቸው ራሳቸው አድነው እንደማያውቁ፣ ያዳነ ሰውም አይተው እንደማያውቁ ሳይደብቁ ጻፉ።

የሕይወታቸው ማምሻ በፊትና ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1009 የኸሊፋው ቤት በእርስ በርስ ጦርነት ተናጋ፤ በ1010 መዲነቱ-ዘህራ ተዘረፈች። እርሳቸውም በ1013፣ በሂጅራ አቆጣጠር በ404 ገደማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከተማዋ ፍርስራሽ ሆና ስትቀር መጽሐፋቸው ግን ባሕር ተሻገረ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጄራርድ ዘክሬሞና በጦሌዶ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን መለሰው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ፈረንሳዊው ጊ ደ ሾሊያክ በመጽሐፉ ደጋግሞ ጠቀሳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1904 ሂዩ ሃምፕተን ያንግ በአሜሪካ ባልቲሞር የፕሮስቴት ካንሰርን ከነዕጢው ሲያወጣ የገባው አዝ-ዘህራዊ ለጠጠር ይገቡበት በነበረው በዚያው ሥፍራ በኩል ነው። በኋላ ሐኪሞች በሆድ በኩል መግባትን ሲመርጡ የዳሌን ሊምፍ ዕጢዎችም አብረው ማውጣት ቻሉ። የበሽታውን ስፋት ማወቅ ተቻለ፤ የሊምፍ ፈሳሽ መጠራቀምም አብሮ መጣ።

ዛሬ አብዛኛው እንዲህ ያለ ጥርቅም ትንሽ ነው፤ ሕመም ሳይሰማ በጊዜ ብዛት በራሱ ይጠፋል። ትልቅ ከሆነ ግን ፊኛን ይጫናል፤ የደም ሥርን ተጭኖም እግር ያሳብጣል፣ ደም እንዲረጋም ያደርጋል፤ ከተመረዘ ትኩሳትና ሕመም ያስከትላል። ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እያዩ ቱቦ አስገብተው ያፈሱታል። በመርፌ መምጠጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፣ ፈሳሹ ተመልሶ ይሞላልና። ሲደጋገም የቋቱን ግድግዳ ወደ ሆድ ዕቃው ከፍተው ሰውነት ራሱ እንዲመጠው ያደርጋሉ። አዝ-ዘህራዊ ውኃውን የያዘውን ሽፋን አትርሱ ያሉበትን ምክንያት የዛሬው ሐኪም ሳይቸገር ይረዳዋል።

ከሰይሃት እስከ ደማምና ኸበር በሥራ ላይ ያሉ ብዙ ወንድሞቻችን የሽንት ሕመምን በሐፍረት ይደብቃሉ፤ ቀዶ ሕክምና ያደረገውም እግሩ ሲያብጥ ያልፍልኛል ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም ዝምታዎች ዋጋ ያስከፍላሉ። ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ የመዳን ተስፋው ይሰፋል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የእግር እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የሽንት መታገድም ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪም የሚነገር ነው። የቁርጡባው ሊቅ በሐኪሙ ላይ የጣሉት ግዴታ ከቆረጠ በኋላም በሽተኛውን እንዲከታተል ነው፤ ሐኪሙ ግን መከታተል የሚችለው ሕመምተኛው የሚሰማውን ሲነግረው ነው።