ምን ትወዳላችሁ? ምንስ ትመርጣላችሁ?
ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሰው አንድ ነገር ሲመርጥ አስቦና መዝኖ የመረጠ ይመስለዋል። እስኪ ራሳችሁን ልብ በሉት። በሁለት መንገድ መካከል ቆመን ስናመነታ፣ ብዙ ጊዜ ልባችን ወደ አንዱ ካዘነበለ ቆይቷል። ምክንያቱን የምንፈልግለት ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ የሚወድ ሰው ሌሊት ደወል ሲደወል ራሱን ያመመው ይመስለዋል፤ ጨዋታ የሚወድ ሰው ጉባኤ በተባለ ቁጥር ሥራ ይበዛበታል። እየዋሸ እኮ አይደለም፤ የወደደው ነገር ራሱ ምክንያት እየፈጠረለት ነው። እንግዲህ «ምን ልምረጥ?» ከማለታችን በፊት «ልቤን ምን እያስወደድሁት ነው?» ብንል ይሻላል። ይህን በደንብ የሚያስተምረን የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት ነው።

ከደሴ ተነሥታችሁ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ብትሄዱ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብረውን ደጋ አቋርጣችሁ የቦረና ወረዳ ከተማ ከሆነችው መካነ ሰላም ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ እየወረደ ይሄዳል። የጋሥጫ ገዳም የሚገኘው በዚሁ በቦረና ምድር ነው። አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከሰግላ የተነሣ በመሆኑ ጊዮርጊስ ዘሰግላ እየተባለም ይጠራል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ካህን ነበር።

አባቱ ልጁን እንዲማር ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላከው። ያ ገዳም በዚያ ዘመን የአገሪቱ ታላቅ የትምህርት ቤት ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ ለሕፃኑ አልገባ አለው። ጓደኞቹ ቀለሙን እየጨረሱ ወደፊት ሲሄዱ እርሱ ወደ ኋላ ቀረ። ሥራው ለገዳሙ እህል መፍጨት ሆነ። መጁን ይዞ ወፍጮው ላይ ጎንበስ እንዳለ ዓመታት አለፉ።

እስኪ በእርሱ ቦታ ሁኑና አስቡት። «ትምህርት የእኔ ዕጣ አይደለም» ብሎ ወደ አገሩ ቢመለስ ማን ይፈርድበታል? ደግሞስ በዚህ ዘመን ስንቱ ወጣት ነው አንድ ፈተና ስለወደቀ መጽሐፉን አሽቀንጥሮ የጣለው! እርሱ ግን የሚወዳት እናት ነበረችው። እህሉን እየፈጨ፣ ሌሊት ሌሊት እያለቀሰ እመቤታችንን ይለምን ነበር። ገድሉ እንደሚነግረን እመቤታችን ተገልጣ የማስተዋልን ጽዋ አጠጣችው፤ ከዚያ በኋላ አእምሮው በራለት። ልብ አድርጉ፤ በገዳሙ እንዲቆይ ያደረገው ጉብዝናው አልነበረም፤ ያን ጊዜማ ጉብዝና የሚባል ነገር አልነበረውም። ያቆየው ፍቅሩ ነው። ጸጋው ሲመጣ ከወፍጮው አጠገብ ያገኘውም ስላልሄደ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከማጣት ሳይሆን ከማግኘት ነበር። ዐፄ ዳዊት (ሁለተኛው) ዕውቀቱን አይተው እጅግ ወደዱት። በቤተ መንግሥት አስተማሪ ሆነ። ንጉሡም ልጃቸውን ሊድሩለት እንዳሰቡ ይተረካል። የንጉሥ አማች መሆን ማለት ርስትና ሹመት፣ ሠራዊትና ክብር ማለት ነው። ጋብቻም ቅዱስ ነው፤ ማንም «ኃጢአት ሠራህ» አይለውም ነበር። ይሁንና ልቡ አስቀድሞ ወደ ምንኵስና ስላዘነበለ ምንኵስናን መረጠ። ክፉና ደግ ፊት ለፊት ሲቆሙ መምረጥ ቀላል ነው። መልካም ከመልካም ጋር ሲቆም ግን ሰውየው ለብቻው ሲሆን ሲወድደው የኖረው ነገር ይገለጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትስቱ። ዝንባሌ በራሱ ክፉ አይደለም። አባ ጊዮርጊስ ድርሰትና ዜማ የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን ተፈጥሮውን ገድሎ አልመነኰሰም። ለአምላኩ አገልግሎት አዋለው እንጂ። የእመቤታችን ፍቅሩ በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የሚጸለየውን አርጋኖንን ወለደ። ሌሊት ተነሥቶ መጸለይ መውደዱ ደግሞ መጽሐፈ ሰዓታትን አስገኘ። በዚህ በፍልሰታ ሌሊት ካህናቱ ሰዓታት ሲቆሙ የምትሰሙት ያ ዜማ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የአንድ ሰው የልብ መውደድ የነበረ ነው። እናንተም ጋ እንዲሁ ነው። ዘፈን የሚወድ ድምፅ መዝሙር ይችላል፤ ጨዋታ የሚያውቅ አንደበት ያዘነ ማጽናናት ይችላል፤ ገንዘብ መቁጠር የሚወድ ሰው የሰበካ ጉባኤውን ሒሳብ ቢይዝ ይባረክበታል። ጥያቄው ዝንባሌያችን ለማን ይገዛል የሚለው ነው።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ ይከብዳል። ቢቱ የሚባል ሰው ተነሥቶ ስለ ሥላሴ የተሳሳተ ትምህርት ያስተምር ጀመር። በጉባኤ ፊት አባ ጊዮርጊስ ተከራክሮ ረታው። ብዙ ሰው ግን አስተማሪን የሚመርጠው በትምህርቱ ሳይሆን በመውደዱ ነው። ሰውየውን ከወደደው ስሕተቱም ይጣፍጠዋል፤ ከጠላው እውነቱም ይመረዋል። አባ ጊዮርጊስ እውነትን በመናገሩ ጠላት አፈራ፤ በክስ ታስሮ ብዙ መከራ እንደተቀበለም ተጽፏል። ዝም ቢል ኖሮ ክብሩ አይጓደልበትም ነበር። ከክብሩ ይልቅ ሃይማኖቱን ስለወደደ ግን ዝም ማለት አልቻለም። ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎም በ30 ምንባባት የተከፈለውን መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ፤ በዚያም የአርዮስን፣ የንስጥሮስንና የሌሎችን መናፍቃን ስሕተት አንድ በአንድ እያነሣ መለሰ። ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችንም ሐምሌ 7 ቀን መታሰቢያውን ታደርጋለች።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የንስሐ አባት ስንይዝ የሚገሥጹንን ነው የመረጥን ወይስ ሁሉን ነገር እሺ የሚሉንን? ስብከት ስንሰማ የሚያንጸንን ነው የምንፈልገው ወይስ ሌላውን ሰው የሚነካልንን? ልጃችንን ስንድር ባሕርይ እናያለን ወይስ ቤትና መኪና? በጾሙስ ከሥጋና ከቅቤ ተለይተን ሳለ የጾሙን ወጥ ለማጣፈጥ ከጸሎቱ የበለጠ ሰዓት አልሰጠነውምን? በቃ፣ የምንወደው ይሄ ነው ማለት ነው። አፋችን ሌላ ቢልም ምርጫችን ይመሰክርብናል።

ደግነቱ መውደድ ይለመዳል። ቡና መጀመሪያ ሲቀምሱት ይመርራል፤ ሲለመድ ግን ያለ እርሱ ቀኑ አይነጋም። ጸሎትም፣ ስግደትም፣ ሌሊት መነሣትም እንደዚሁ ናቸው። ጾም የተሠራልን ልባችን አዲስ ነገር መውደድን እንዲለምድ ነው። አባ ጊዮርጊስ በቤተ መንግሥት ፊት የመረጠውን ያን ቀን አልጀመረውም፤ በወፍጮው አጠገብ ማንም ሳያየው ሲወድደው ኖሯል። የእናንተም ትልቅ ምርጫ አንድ ቀን ይመጣል፤ የትዳር ይሆናል፣ የሥራ ይሆናል፣ ወይም የእምነት። ያን ቀን ተረጋግቶ ለማሰብ ጊዜ ላይኖር ይችላል፤ ልባችሁ ወደ ለመደው ይሮጣል። ስለዚህ ከእነዚህ ከ15ቱ የጾም ቀናት ቢያንስ በአንዱ ሌሊት ተነሡና ሰዓታቱ ሲቆም ስሙ። መጀመሪያ እንቅልፉ ይታገላችኋል፤ ግድ የለም፣ ታገሉት። ልጆቻችሁንም ጋቢ አልብሳችሁ ይዛችኋቸው ኑ፤ የዛሬው ልምድ የነገ ምርጫቸው ነው።

ወላዲተ አምላክ ልባችንን ወደ መልካሙ ታዘንብልልን። የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ በረከቱና ጸሎቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።