የከዋክብትን ሞት ሲጠባበቁ የኖሩት ፍሪትስ ዝዊኪ

ፕሮፌሰር ፍሪትስ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1898 በቡልጋሪያ፣ በቫርና ከተማ፣ ከስዊሳዊ አባትና ከቼክ እናት ተወለዱ። ገና በስድስት ዓመታቸው የንግድ ሥራ እንዲማሩ ወደ አባታቸው አገር ቢላኩም ልባቸው ያዘነበለው ወደ ሒሳብና ወደ ፊዚክስ ነበር። በዙሪክ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1925 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በፓሳዴና በሚገኘው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋምም ሥራ ጀመሩ።

በ1933 መጨረሻ ዝዊኪና ከጀርመን የመጡት የሥነ ፈለክ ሊቅ ዋልተር ባዴ አንድ ደፋር አሳብ ለፊዚክስ ጠበብት ጉባኤ አቀረቡ። በድንገት ደምቀው ከሚታዩት ከዋክብት መካከል አንዳንዶቹ ከሌሎቹ እጅግ የላቀ ብርሃን የሚሰጡ ናቸውና ሱፐርኖቫ ሊባሉ ይገባል አሉ። ሱፐርኖቫ የኮከብ ሞት ነው፤ ኮከቡ ሲፈነዳ እምብርቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ እጅግ የታመቀ የኒውትሮን ኮከብ ይሆናል ሲሉም አስረዱ። ኒውትሮን ራሱ ከተገኘ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበርና አሳቡን ከቁም ነገር የቆጠሩት ጥቂቶች ነበሩ።

ዝዊኪ ግን ተናግረው አልተቀመጡም። በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ሱፐርኖቫ የሚታየው በመቶ ዓመት ቢበዛ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው በዕድሜው ብዙ ለማየት ቢሻ ብዙ ጋላክሲዎችን በአንድነት መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያ በተቋማቸው ጣሪያ ላይ ትንሽ ካሜራ ተክለው ሁለት ዓመት ያህል ደከሙ፤ አንዲትም አላገኙም። በ1936 ሰፊ ሰማይ የሚያሳይ 46 ሳንቲ ሜትር የሽሚት ቴሌስኮፕ በፓሎማር ተራራ ላይ ተተከለ። ሥራው ትዕግሥትን የሚፈትን ነበር። ያንኑ የሰማይ ክፍል ደጋግሞ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማስተያየት፣ ትናንት ያልነበረችውን አንዲት ነጥብ መፈለግ ነበር። በ1937 የመጀመሪያዋ ተገኘች፤ በዚያው ዓመት የታየችው ሌላይቱ ደግሞ ከነበረችበት ጋላክሲ ይልቅ ደምቃ አበራች። እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ዝዊኪ 120 ያህል ሱፐርኖቫዎችን አገኙ።

አንደበታቸው ግን ስለታም ነበር። ለባልደረቦቻቸው ያላቸውን ንቀት ስለማይሸሽጉ ብዙዎች ራቋቸው፤ ከባዴም ጋር ተቃቃሩ። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጻሕፍት እየሰበሰቡ በጦርነት ለወደሙ ቤተ መጻሕፍት የላኩት እኚሁ ሰው ናቸው።

የኒውትሮን ኮከብ አሳብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ችላ ተብሎ ቆየ። በ1967 የሬዲዮ ምት የሚልኩ ከዋክብት ተገኙ፤ በማግሥቱ ዓመትም አንዱ በ1054 በቻይና በታየችው ሱፐርኖቫ ፍርስራሽ መካከል ታየ። ዝዊኪ ትክክል መሆናቸውን በሕይወት ሳሉ ለማየት በቁ።

በ1973 ደግሞ የኑክሌር ሙከራን እንዲቆጣጠሩ የተላኩ ሳተላይቶች ከጠፈር የሚመጣ አጭር የጋማ ጨረር ብልጭታ መመዝገባቸው ተገለጸ። ዝዊኪ በዚያ ዕድሜያቸው እንኳ ብዕራቸውን አንሥተው፣ ብልጭታው ከኒውትሮን ኮከብ ተገንጥሎ የሚፈነዳ ቁራጭ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። በፌብሩዋሪ 1974 በፓሳዴና አረፉ።

ይህ የመጨረሻ ግምታቸው አልጸናም። ነገር ግን በኤፕሪል 1998 አንድ የጋማ ብልጭታና አንዲት ሱፐርኖቫ በአንድ የሰማይ አቅጣጫ ታዩ። በማርች 2003 ከታየው ሌላ ብልጭታ በኋላም፣ ብርሃኑ እየደበዘዘ ሲሄድ የሱፐርኖቫ ምልክት በጥርት ወጣ። ረዘም ያሉት ብልጭታዎች በአብዛኛው ከግዙፍ ከዋክብት መደርመስ እንደሚመጡ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ2017 ደግሞ አንድ አጭር ብልጭታ ከሁለት የኒውትሮን ከዋክብት መዋሐድ መምጣቱ ተረጋገጠ። ዝርዝሩን ቢስቱም፣ ሁለቱም መንገዶች የሚመልሱት በ1933 ወደተናገሩት ወደ ኮከብ መደርመስ ነው።

በ2018 በዚያው በፓሎማር ተራራ ላይ በስማቸው የተጠራ የሰማይ ቅኝት ተጀመረ። እርሳቸው በዓይናቸው ሲያስተያዩት የኖሩትን ሥራ ዛሬ ኮምፒዩተር እየሠራው በሺህ የሚቆጠሩ ሱፐርኖቫዎች ተገኝተዋል፤ ዘዴው ግን ያው የቀድሞው፣ አዲሱን ምስል ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ነው።