ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፡ የበዓላትን ቀን ከደብረ ብርሃን ያጸኑ ንጉሥ

ክረምቱ አልፎ የመንዝና የግሼ ተራሮች ከጉም ሲገለጡ፣ የመርሐቤቴ ቆላ ሲጠራ፣ ሜዳውም በአደይ አበባ ሲደምቅ የሰሜን ሸዋን ሕዝብ ሁለት ጉዳይ ይጠብቀዋል። አንደኛው የማሳው ጉዳይ ነው፤ ገብሱና ባቄላው ከውርጭና ከበረዶ ተርፎ ለአጨዳ እስኪደርስ በሐሳብ ይጠበቃል። ሁለተኛው የበዓሉ ጉዳይ ነው፤ ደመራ ይደመራል፣ ነጭ ልብስ ከሣጥን ይወጣል፣ ዘመድ ከዘመድ ይገናኛል። ዓመቱን ሙሉ ሥራና በዓል እንዲሁ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በየወሩ 12 ቀን ሚካኤል፣ 21 ቀን ማርያም፣ 29 ቀን በዓለ ወልድ እየተባለ በሬ ከቀንበር ይፈታል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ጎረቤት ይጠራል።

ይህን የበዓላት ሥርዓት በአዋጅና በመጽሐፍ ካጸኑት ነገሥታት ሁሉ ቀዳሚው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። የዘመናቸውን መጨረሻ ያሳለፉትም በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃን ነበር።

ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1399 በፈጠጋር ምድር፣ ጥልቅ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፣ እናታቸው ንግሥት እግዚእ ክብራ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በአምባ ይጠበቁ ስለነበር እርሳቸውም በአምባ ግሸን ኖረዋል። ግሸን በስሟ ከሰሜን ሸዋዋ ግሼ ጋር ብትቀራረብም ቦታዋ በወሎ፣ በአምባሰል ነው። የቤተ መንግሥት ሕይወት የራቃቸው ልዑል በዚያ አምባ ላይ የነበራቸው ጓደኛ መጽሐፍና ጸሎት ነበር። ኋላ ላይ በእጃቸው የወጡት ድርሰቶች በቅዱሳት መጻሕፍት እውቀት የበለጸጉ መሆናቸው የዚያን ዘመን ትምህርት ያሳያል።

ከእርሳቸው በፊት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ አገሪቱም አልረጋችም። እ.ኤ.አ. በ1434 ከአምባው ወርደው ነገሡ፤ በ1436 ደግሞ እንደ ጥንቱ ሥርዓት በአክሱም ዘውድ ጫኑ። የተረከቡት መንግሥት በሁለት በኩል የተወጠረ ነበር። በምሥራቅ ከአዳል ሱልጣኖች ጋር ጦርነት ነበር። በውስጥ ደግሞ ካህናቱና ገዳማቱ በሰንበት አከባበር ለረጅም ጊዜ ተከፋፍለው ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ሲሉ፣ ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት ግን አይቀበሉትም ነበር።

ንጉሡ የውስጡን መከፋፈል በቀን መቁጠሪያ ለመፍታት ተነሡ። በግብፅ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ገዳም መፍረሱን በሰሙ ጊዜ በተጉለት በእመቤታችን ስም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ያንኑ ስም ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1450 በዚያው በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተጠራ። ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት፣ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፣ ባሉበት ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። የኤዎስጣቴዎስ ወገኖችም ከቀሪው ቤተ ክርስቲያን ጋር ታረቁ። ዛሬ በብዙ የደጋ ቀበሌዎች ቅዳሜ ሞፈርና ቀንበር ሳይነሣ የሚውለው ያ ውሳኔ በገበሬው ኑሮ ውስጥ ሥር ስለ ሰደደ ነው።

ከሰንበት ቀጥለው ወደ ወሩና ወደ ዓመቱ በዓላት ዞሩ። 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንደ እሑድ እንዲከበሩ አዘዙ። በአባታቸው ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ተአምረ ማርያም በየበዓሉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አደረጉ። የጌታ ልደት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በየወሩ በ29 እንዲታሰብ ደነገጉ፤ በዚያም ዕለት የሚነበበውን መጽሐፈ ሚላድን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1445 ከአዳሉ ሱልጣን ከአሕመድ በድላይ ጋር በደዋሮ፣ በጎሚት የተዋጉትም በታኅሣሥ 29፣ በልደት ዕለት ነበር። ሱልጣኑ በዚያ ጦርነት ሞቱ።

አዋጅ ብቻውን በዓልን በልብ አያኖርም። ንጉሡ ይህን የተረዱ ይመስላል፤ ለበዓሉ ዜማና ሥዕል አብረው ሰጡት። እግዚአብሔር ነግሠ የተባለው የግእዝ ድርሰት ለእርሳቸው ይሰጣል። የዓመቱን ወራትና ቀናት ተከትሎ በየዕለቱ የሚታሰቡትን ቅዱሳንና በዓላት በግጥም ሰላም ይላል። መስከረምም ሆነ ሐምሌ፣ የአበባውም ሆነ የዝናቡ ወር የራሱ ስንኝ አለው። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ የዓመቱን ጉዞ በካህኑ ዜማ ይሰማው ነበር።

ሥዕሉም እንዲሁ አበበ። ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ ሠዓሊ በንጉሡ ዘመን በጣና ሐይቅ ላለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እመቤታችንን ከልጇ ጋር በእንጨት ገበታ ላይ ሣለ። በሥዕሉ ላይም የንጉሡንና የገዳሙን አበምኔት ስም ከራሱ ስም ጋር ጻፈ። በዚያ ዘመን ስሙን የተወ ሠዓሊ ጥቂት ነውና ይህ ትልቅ ነገር ነው። በማርያም በዓል ምእመናን የሚሰግዱለት ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ መስፋፋት የጀመረው በዚሁ ወቅት ነበር።

መስከረም 21 በግሸን የሚከበረው ታላቅ በዓልም ከስማቸው ጋር ይነሣል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ አባታቸው ያስመጡትን የጌታ ግማደ መስቀል የሚያርፍበትን የመስቀል ቅርጽ ያለው ስፍራ ሲፈልጉ ቆይተው ያገኙት በልጅነታቸው በሚያውቁት አምባ ላይ ነው። ነጭ ለብሶ፣ ስንቁን ቋጥሮ በየዓመቱ ወደ ግሸን የሚወጣው ሕዝብ ይህን ትውፊት ይዞ ይጓዛል።

ነገር ግን የዘርዓ ያዕቆብ ታሪክ የበዓልና የዜማ ብቻ አይደለም። የመስቀል ምልክት በሰው ልብስ፣ በጦር መሣሪያና በገበሬው ማረሻ ላይ ሳይቀር እንዲደረግ አዘዙ። ክርስቲያኑ ሁሉ በግንባሩና በሁለት እጆቹ ላይ ሃይማኖቱን የሚመሰክርና ሰይጣንን የሚክድ ጽሕፈት እንዲይዝ ተገደደ። በጥንቆላ ወይም በጣዖት አምልኮ የተጠረጠረ ሁሉ ይቀጣ ነበር፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ ከቅጣቱ አላመለጡም። ንግሥት ጽዮን ሞገሳ በሤራ ተከስሰው በግርፋት ሞቱ። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በድንጋይም ተወገሩ። በአገሩ ላይ ፍርሃት ነግሦ እንደነበር የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ራሱ ይመሰክራል።

የደብረ ብርሃን ስምም ከዚህ የጨለማ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። እነዚያ መነኮሳት ከተወገሩ ከ38 ቀናት በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም የሥራቸው ማረጋገጫ አድርገው ተቀበሉት። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው ጭራ ኮከብ ጋር ያያይዙታል። በስፍራው ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎም ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ከድንኳን ወደ ድንኳን ይዘዋወር ለነበረው መንግሥት አንድ ቦታ ላይ መርጋት አዲስ ነገር ነበር። ንጉሡ ካለፉት 14 ዓመታቸው 12ቱን በዚያ ብርድማ ከተማ ኖሩ። አስማት ይደረግብኛል ብለው ስለሚሰጉ ካህናት ሌሊቱን ሙሉ እየጸለዩ በቤተ መንግሥቱ ጠበል ይረጩ ነበር።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1468 በደብረ ብርሃን አረፉ። እናታቸውን በግርፋት ያጡት ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ነገሡ፤ ለእስረኞችም ምሕረት አደረጉ። በግንባርና በእጅ ይያዝ የነበረው የግዴታ ጽሕፈት ከዘመኑ ጋር አለፈ። ሰንበቱ፣ ወርኃዊው በዓል፣ ተአምረ ማርያምና ሥዕሉ ግን ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ስለተቀበላቸው ጸኑ። ዛሬ በጥምቀትና በመስቀል የመንዝ ሴት በቀሚሷ ላይ የምታስጠልፈው መስቀል፣ ወንዱም ከብርዱ የተነሣ በነጭ ልብሱ ላይ በርኖስ ደርቦ ወደ ታቦቱ የሚሄደው ወድዶ ነው፤ የሚያስገድደው አዋጅ የለም።

የንጉሡ አፅም በመጀመሪያ በደብረ ነጐድጓድ ተቀብሮ ነበር፤ ቆይቶ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ፈለሰ። ፍሬ ጽዮን የሣለው ሥዕልና በዘመናቸው የተሣለላቸው ንጉሥ በአንድ ደሴት ላይ ይገኛሉ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ደግሞ የዘመን መለወጫው ችቦ ከጠፋ በኋላ ቀን ይቆጥራል፤ እርሻውንም፣ ገበያውንም፣ ዘመድ ጥየቃውንም ከ12፣ ከ21 እና ከ29 ጋር አስማምቶ ዓመቱን ይጀምራል።